ዳሞታን የተዋሰ ጓሮ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሜራ አንግቶ ለመውጣት ጥሩው ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ቁልቁል ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚበቃው ውጋገን 20 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ ደርሶ፣ ግቢውን አይቶ፣ ብርሃኑን መጠበቅ ያዋጣል።

የምንሄድበት የአትክልት ስፍራ ትኬት የለውም። የአንድ ወላይታ ገበሬ ግቢ ነው። ፊት ለፊት በከብት ተግጦ ምንጣፍ የመሰለ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ ቤቱ፣ በቤቱ ጎንና ጀርባ እንሰቱ፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው። ራቅ ሲል በቆሎውና ስኳር ድንቹ ይከተላል። ገበሬው መሬቱን በሁለት ስም ይለየዋል፤ ቤቱን የተጠጋው ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለው ሾቃ ይባላል። የአካባቢው አፈር ቀይ ነው። ዳርኮዋው ግን ጠቁሯል። ያጠቆረው ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ከብቶቹ ካደሩበት ጠርገው እንሰቱ ሥር የሚደፉት ፍግ ነው። ከማሳው ወደ ቤቱ ሲጠጉ ቀዩ አፈር ቀስ በቀስ ሲጠቁር በዓይን ይታያል። እኔ ከማንኛውም የተራራ ፎቶ በፊት ይህን ቀለም አነሳለሁ፤ የእናትና የአያት ልፋት የተከማቸው እዚያ ነውና።

ጃፓኖች ሻኬይ የሚሉት የአትክልት ጥበብ አላቸው፤ የተዋሱት መልክዓ ምድር እንደ ማለት ነው። ኪዮቶ በሚገኘው የኤንትሱጂ ቤተ መቅደስ ተክሎቹ በልክ ተከርክመው፣ ከሩቅ ያለው የሂዬ ተራራ የዚያው ግቢ አካል መስሎ ይታያል። ሶዶ ዙሪያ የሚዋሱት ዳሞታን ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ ከከተማው በስተሰሜን ስለሚቆም፣ የምሽቱ ፀሐይ ከግራ በኩል ሸንተረሩን እየለየች ታበራዋለች። ሣሩ ላይ ተንበርክከው ቢያነሱ የእንሰቱ ቅጠል ከላይ ይጋርድልዎታል፤ ተራራው በመካከል ይገባል። ጃፓናዊው ለዓይን ተከለ፣ ወላይታው ለጉሮሮ። የትኛው ተክል የት እንደሚቆም ግን ሁለቱም አስበውበታል፤ ስለዚህ የወላይታን ጓሮ የአትክልት ጥበብ ብዬ ለመጥራት አላመነታም።

የግቢው ጌታ እንሰት ነው፤ በወላይትኛ ኡታ ይባላል። ለማባዛት ግንዱ ይቆረጥና ከሥር የሚቀረው አሚቾ እምብርቱ ተፈልፍሎ፣ ፍግ ተጨምሮበት ይቀበራል፤ ከዳር ዳሩ ብዙ ችግኝ ያወጣል። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ለምግብ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በአንድ ጓሮ ትንሹም ትልቁም አብሮ የሚታየው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ የሚደርስ አይጠፋም። ተመራማሪዎች በወላይታ ከ60 በላይ የእንሰት ዓይነቶችን ገበሬው በሚጠራቸው ስም መዝግበዋል። መለያቸው የግንዱ፣ የቅጠሉና የቅጠሉ አከርካሪ ቀለም ነው።

ይህን ቀለም ለማየት ከምሽት የተሻለ ሰዓት የለም። ከቅጠሉ ጀርባ ይቁሙና ፀሐይዋን ከቅጠሉ ማዶ ያድርጓት። እኩለ ቀን ላይ ደብዛዛ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል እንደ ፋኖስ መስተዋት ይበራል፤ አከርካሪው በአንዱ ቀይ፣ በሌላው ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ንፋስ የሰነጠቀው ጠርዝ ክር በክር ይለያል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ቅጠሉ በጣም የበራበትን ቦታ በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ንፋስም ያወዛውዘዋል፤ እስኪረጋ ይታገሡ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደግሞ ፊትዎን ወደ ቤቱ ይመልሱ። እራት ሲሰናዳ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ይወጣና ሰማያዊው ውጋገን ላይ ይንሳፈፋል።

የሰው ቤት መሆኑን አይርሱ። ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ማቅረብ፣ ከአባወራው ወይም ከእማወራዋ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ሌላም አደራ አለ። እንሰትን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የታመመውን ተክል የነካ ቢላዋ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ያሻግራል፤ የዓመታት ልፋትም በአንድ ስለት ይጠፋል። ስለዚህ ቅጠል ፎቶዎን ቢጋርድብዎ አይቁረጡት፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበሉ።