የተተከለው ኩላሊት የሚጠበቀው ቤት ውስጥ ነው

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ለጋሿ እህት ወይም እናት ልትሆን ትችላለች። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል፤ ጥበቃው ግን የዕድሜ ልክ ነው። የገራዶና የደሴ ታማሚ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጥበቃው የቤተሰቡ ሥራ ይሆናል።

ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይነሳል። ይህን የሚያግዱት እንደ ታክሮሊመስ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ታክሮሊመስ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት። አደጋው የሚመጣው ታማሚው «አሁንማ ድኛለሁ» ያለ ቀን ነው። ደህና የሆነው መድኃኒቱን ስለሚውጥ ነው። ሲያቋርጥ ኩላሊቱ ያለ ምንም ሕመም ሊጎዳና ጉዳቱ በደም ምርመራ ብቻ ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ አይታለፍ። የታክሮሊመስ መጠን በሚለካበት ጠዋት ክኒኑ የሚዋጠው ደም ከተሰጠ በኋላ ነው። ለጉዞም መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን።

በነርስነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ «ገባዎት?» የተባለ ታማሚ ነጩን ጋዋን አክብሮ «አዎ» ይላል። «እስቲ ቤት ሲገቡ የሚያደርጉትን ይንገሩኝ» ሲባል ግን ያልገባው ነገር ይወጣል። እናንተም ቤት ውስጥ እንዲሁ ጠይቁ።

በየጠዋቱ ክብደት፣ የሰውነት ሙቀትና የደም ግፊት በደብተር ይመዝገብ። ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ክብደት በድንገት ከጨመረ ወይም ትውከትና ተቅማጥ ካለ በዚያው ቀን ለሕክምና ክፍሉ ይደወል። ክኒን ቢረሳም ይደወል እንጂ በድርብ አይዋጥ።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። አትክልት በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይብሰል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የባህል መድኃኒትም ከታክሮሊመስ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አስቀድሞ ሐኪም ይማከር። በወሎ በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ወግ ነው፤ ሆኖም ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ከደጅ መርቆ ቢመለስ ቅር አይበለው።

የሕክምና ክፍሉን ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የመድኃኒቱን ሰዓት ደግሞ ከታማሚው ሌላ አንድ የቤት ሰው ይያዘው።