ሰማይ፣ ባሕርና አንድ መነኩሴ

የመልክዐ ምድር ሥዕል ፊት ስንቆም ዓይናችን መጀመሪያ የሚፈልገው መግቢያ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ይህን ስለሚያውቁ ለረጅም ዘመን ከግራና ከቀኝ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ያቆሙ፣ በመሐል ወንዝ ወይም የእግር መንገድ ያሳልፉ ነበር። ተመልካቹ መንገዱን ይዞ እስከ ሩቁ ተራራ ይዘልቃል። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሕ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1808 እስከ 1810 በሠራው «መነኩሴው በባሕር ዳር» ላይ መግቢያውን ነሣን።

ሸራው 110 በ171.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከታች ነጣ ያለ የአሸዋ ዳርቻ፣ ቀጥሎ ጠባብና ጥቁር ባሕር ይታያል፤ የቀረው ሁሉ ሰማይ ነው። ዳርቻው ላይ ጀርባውን የሰጠን አንድ ትንሽ ሰው ቆሟል። በጨረር የመረመሩት ባለሙያዎች ሠዓሊው መጀመሪያ መርከቦች ነድፎ ኋላ እንዳጠፋቸው ደርሰውበታል። የሥዕሉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መርከብ ቢኖር ስለ ወደብና ስለ ጉዞ እናስብ፣ ልባችንም የሚይዘው ያገኝ ነበር። አሁን ግን እንደ መነኩሴው ከሰማዩ ስፋት ጋር ተፋጠናል። ፊቱ ስለማይታይም ሐዘን ይሁን ጸሎት፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናኖርበታለን።

ፍሪድሪሕ በልጅነቱ እናቱን አጥቷል፤ በ13 ዓመቱም ወንድሙ በረዶ ተሰብሮበት ሰጥሞ ሞቷል። ይህን የማያውቅ ተመልካች እንኳ ግን ሥዕሉ ፊት ሲቆም ብቸኝነቱ ይሰማዋል።

ፍሪድሪሕ ምልክትን በግልጽ የተጠቀመበት ሥራም አለው። በ1808 ለእይታ ባቀረበው የመሠዊያ ሥዕል ላይ መስቀል በተራራ ጫፍ ቆሟል፤ ዙሪያውን ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች ከበውታል። ራምዶር የተባለ ሃያሲ መልክዐ ምድር እንዴት መሠዊያ ላይ ይወጣል ብሎ አጥብቆ ነቀፈው። ሠዓሊውም ፍቺውን ራሱ ጻፈ፦ ዐለቱ የማይናወጥ እምነት፣ ዛፎቹ ተስፋ ናቸው። ፍቺው ያምራል፤ ሆኖም ሥዕሉን ይዘጋዋል። መነኩሴው የሚበልጥብኝ እንዲህ ያለ ቁልፍ ስላልተሰጠው ነው።

የፕሩሲያው ንጉሥ በ1810 መነኩሴውን የገዛው ጥንዱ ከሆነው ሌላ የፍሪድሪሕ ሥዕል ጋር ነው፤ በጥንዱ ላይ መነኮሳት በበረዶ መሐል፣ በፈረሰ ገዳምና በራቁት ዛፎች በኩል ሬሳ ሣጥን ተሸክመው ያልፋሉ። ሁለቱም ዛሬ በርሊን በሚገኘው አልተ ናሲዮናልጋለሪ ይገኛሉ፤ ማየት የቻለ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ቢመለከታቸው፣ በሁለተኛው ዛፍና ፍርስራሽ የሚናገሩትን በመጀመሪያው ባዶው ሰማይ ብቻውን ሲሸከመው ያያል።