ልጁ ሌሊት የሚጮኸው ጋኔን ይዞት አይደለም

እዚህ ካኩማ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «መምህር፣ ልጄ ተኝቶ ድንገት ይጮኻል፣ ዓይኑ ተከፍቶ እኔን አያውቀኝም፤ ጋኔን ይሆን?» አይደለም፤ የእንቅልፍ ችግር ነው። የሌሊት ድንጋጤ ልንለው እንችላለን። ብዙውን ጊዜ ከተኛ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከባድ እንቅልፍ ላይ እያለ አንጎሉ በግማሽ ይነቃል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። ቅዠት ግን ሌላ ነው፤ ወደ ንጋት ይበዛል፣ ልጁም ነቅቶ ያየውን ይናገራል። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ያየውን መከራ እየደጋገመ የሚቃዥ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው።

የሚጮኸውን ልጅ ውሃ አትርጩበት፣ አትነቅንቁት፤ ይብስበታል። ምድጃና ስለት አርቁና አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልፋል። እንቅልፍ ማጣትና ትኩሳት ስለሚያባብሱት በጊዜ አስተኙት (ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የምትከፍቱ ጎረቤቶችም አስቡበት!)። ሰውነቱ እየደረቀ የሚንፈራገጥ ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ክሊኒክ ውሰዱት።