አባባ ተስፋዬ ከትዝታችን የማይጠፉት ለምንድን ነው?

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የአዲስ አበባ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ምን እንዳየ ቢጠየቅ ትንሽ ማሰቡ አይቀርም። የአባባ ተስፋዬን ሰላምታ ግን ድምፃቸውን አስመስሎ፣ እጁን አወናጭፎ ያሳያል። ልጆችን የዛሬ አበቦች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ የሚጠሩበትን ቃና አልረሳውም። ከተረቶቻቸው አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክ ቢጠይቁት ግን ይቸገራል። አንበሳ ነበረ፣ ጦጣም ነበረች፣ በመጨረሻም ምክር ነበረ፤ ከዚያ በላይ እምብዛም አይወጣውም።

ታሪኩ ጠፍቶ ድምፁ የተረፈው ለምንድን ነው? ከሰላሳና ከአርባ ዓመት በኋላስ ያ ድምፅ ልብ የሚያሞቀው ለምንድን ነው? ስለ ማስታወስ የሚያጠናው ሳይንስ ለሁለቱም ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ አለ።

በቅድሚያ ሰውየውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የመድረክ ተዋናይ የነበሩት ተስፋዬ ሣህሉ ከጣቢያው የመጀመሪያ ዘመን አንስቶ ለአርባ ዓመት ያህል የልጆችን ፕሮግራም አቀረቡ። በንጉሡ ዘመን የተወለደው ልጅ አያቸው፤ በደርግ ዘመን የተወለደውም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም እንዲሁ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ካዘኑት መካከል እጅግ ብዙዎቹ በአካል አግኝተዋቸው የማያውቁ ጎልማሶች ነበሩ።

ትዝታ የሚሳሳበት ዕድሜ

አዋቂዎች የመጀመሪያ ትዝታቸውን ሲጠየቁ በአብዛኛው የሚያነሱት በሦስት ወይም በአራት ዓመታቸው የሆነ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያለውም ስስ ነው። በሌላ በኩል ዴቪድ ሩቢንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ያለፈ ሕይወታቸውን መለስ ብለው ሲያዩ ትዝታቸው በብዛት የሚከማቸው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዘመን ላይ ነው።

የልጆች ፕሮግራም የሚታየው እንግዲህ ከሁለቱ መካከል፣ ብዙ ነገር በሚረሳበት ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ የገባ ነገር እስከ ጉልምስና እንዲዘልቅ የሚያግዘው ይፈልጋል።

የመጀመሪያው አጋዥ ድግግሞሽ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካትሪን ኔልሰን እንዳስተዋሉት፣ ትንንሽ ልጆች የሚደጋገም ነገርን የሚይዙት በቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ይህ ይሆናል፣ ቀጥሎ ያ ይመጣል እያሉ። በየጊዜው የሚለዋወጠው ዝርዝር ይረግፋል፤ ሁልጊዜ የማይለወጠው ይጸናል። በአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ተረቱ በየሳምንቱ ይቀየራል። ሰላምታው፣ ፊታቸው፣ ድምፃቸውና የመጨረሻው ምክር ግን ቦታቸውን አይለቁም። ተመልካቹ ልጅ አድጎ ተረቱን ረስቶ ሰላምታውን የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ድግግሞሹ የተራራቀ መሆኑም ጠቅሟል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአንድ ጊዜ ከተጠና ነገር ይልቅ በቀናት ልዩነት እየተመለሱ ያጠኑት ይበልጥ ይጸናል። አገሪቱ ለብዙ ዓመታት የነበራት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር፤ ያመለጠ ፕሮግራም ተመልሶ አይገኝም፤ የሚቀጥለውን ለማየት ቀኑን መጠበቅ ግድ ነው። ያኔ እጥረት ብለን ያማረርንበት ነገር ሳናውቀው የማስታወስ ችሎታችንን ያግዝ ነበር።

ሁለተኛው አጋዥ ጉጉት ነው። ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉ የነርቭ ሳይንቲስት ጦጣዎችን በጭማቂ እየሸለሙ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳትን ተከታተሉ። ሕዋሳቱ መጀመሪያ ላይ የሚነቃቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ጦጣዎቹ ከጭማቂው በፊት የሚታየውን ምልክት ከለመዱ በኋላ ግን ሕዋሳቱ በምልክቱ መነቃቃት ጀመሩ። የሰውም አንጎል በተመሳሳይ መንገድ ከሽልማቱ በፊት የሚመጣውን ምልክት ይማራል። የፕሮግራሙ መክፈቻ ሙዚቃ ገና ሲሰማ ልጆች ከደጅ እየሮጡ የሚገቡት ለዚህ ነው።

ያ ሙዚቃ ከዓመታት በኋላም ሥራውን አያቆምም። ፒተር ያናታ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ዜማ ሲሰሙ ከግንባር ጀርባ መሐል ላይ ያለው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ በምስል ተመልክተዋል። ስለ ራሳችን ስናስብ የሚሠራውም ይኸው አካባቢ ነው። አሮጌ የመክፈቻ ዜማ ሲሰማ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ያኔ የነበርነው ልጅም አብሮ ትዝ ይለናል።

ለእኔ ነው የሚያወሩት

ሦስተኛው አጋዥ ዝምድና ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተመልካች ከቴሌቪዥን አቅራቢ ጋር አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀው ወዳጅነት እንደሚመሠርት አስረዱ። አቅራቢው ካሜራውን በቀጥታ እያየ ሲናገር እያንዳንዱ ተመልካች ለእኔ ነው የሚለኝ ይላል። አባባ ተስፋዬ «ልጆች» ብለው ሲጣሩ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድሮ «አቤት» የሚለው ሕፃን እየተሳሳተ አልነበረም፤ አንጎሉ ሰው ሲያናግረው የሚያደርገውን ነበር ያደረገው። ያላገኘነውን ሰው አባባ ብለን መጥራታችን፣ ሲሞቱም እንደ ዘመድ ማዘናችን የዚያ ዝምድና ውጤት ነው።

በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ለብቻ የሚታይ አልነበረም። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልነበረበት ጊዜ የሰፈር ልጅ ባለ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ የሚረብሽ ይገሠጻል። በማግስቱ ደግሞ ተረቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንደገና ይነገራል። አንድን ነገር አስታውሶ መናገር ራሱ ትዝታን ከሚያጸኑ ዋና መንገዶች አንዱ ነው።

የሌለውን ማስታወስ

ሲነገር የሚጸና ትዝታ ግን ሲነገር ይለወጣልም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው ትዝታ የተቀዳ ፊልም ሳይሆን እንደ ተረት ነው፤ በተነገረ ቁጥር አንዱ ይዘነጋል፣ አንዱ ይጨመራል፣ የማይመስለው ይስተካከላል።

ቴሌቪዥን በዚህ ረገድ የታወቀ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 የኤል አል የጭነት አውሮፕላን አምስተርዳም ውስጥ በመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ ወደቀ። አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ የሚያሳይ ፊልም አልነበረም። ከወራት በኋላ ሃንስ ክሮምባክና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ያንን ፊልም በቴሌቪዥን አይታችሁ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አዎ አሉ። ዜናውን ሰምተዋል፣ የፈረሰውን ሕንፃ አይተዋል፣ የቀረውን አንጎላቸው ሞላው።

የልጅነት ፕሮግራማችንም ከዚህ ሙሌት አያመልጥም። ወንድም አየሁ ያለውን ታናሽ እህት አየሁ ትላለች። የሁለት ተረቶች ጅቦች አንድ ይሆናሉ። ቴክኖሎጂውም የራሱን አሻራ ይተዋል፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢቫ ሙርዚን ጥናት እንዳመለከተው፣ ልጅነታቸውን በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያሳለፉ ሰዎች ቀለም በሌለው ሕልም የሚያልሙበት ጊዜ ከወጣቶቹ በእጅጉ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ስህተት ፍቅሩን ሐሰት አያደርገውም። የተረቱ ዝርዝር ሊዛባ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ከማን ጋር እንደነበርን፣ ምን እንደተሰማን ግን በብዛት የምንይዘው ዋናው ጭብጥ ነው።

ናፍቆት ምን ይጠቅማል?

ዮሃንስ ሆፈር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1688 ናፍቆትን ከበሽታ ቆጥሮ ጽፎበት ነበር። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ያያሉ። እንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቲም ቪልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት፣ ናፍቆት በብዛት የሚቀሰቀሰው ሰው ሲከፋውና ብቸኝነት ሲሰማው ነው። በናፍቆት ትዝታ ውስጥም ባለቤቱ ብቻውን አይገኝም፤ የሚወዳቸው ሰዎች ከበውት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሱ ልጆችንም የጨመረ ተከታታይ ጥናት የበለጠ ግልጽ ነገር አሳየ። ብቸኝነት ሰው የለኝም የሚል ስሜት ያመጣል፤ ይኸው ብቸኝነት ግን ናፍቆትንም ይቀሰቅሳል፣ ናፍቆቱ ደግሞ ሰው አለኝ የሚለውን ስሜት መልሶ ያጠናክራል።

በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ከሥራ ደክሞ ገብቶ የአባባ ተስፋዬን አሮጌ ቅጂ በስልኩ የሚከፍት ሰው እንግዲህ ጊዜውን አላባከነም። አጠገቡ የሌሉትን ሰዎች በዚያ በኩል እየጠራ ነው።

የዛሬዎቹ ልጆችስ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የራሱን ትውልድ አሳድጓል። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት ቀጭኔ አሻንጉሊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝታለች፤ የዚያን ጊዜ ተመልካቾቿ ዛሬ ሥራ ፈላጊና ሠራተኛ ሆነዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ የሚወዱትን ክፍል በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት መጠን ከስልክ ላይ ያያሉ።

ድግግሞሽ በራሱ አይጎዳቸውም። «ብሉስ ክሉስ» የተባለውን የአሜሪካ ፕሮግራም አንድ ክፍል ለአምስት ተከታታይ ቀናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ያሳዩ ተመራማሪዎች፣ ልጆቹ ክፍሉን ሲለምዱት ይበልጥ እንደሚረዱትና ጮክ ብለው እንደሚመልሱ አይተዋል። ልጅዎ ያንኑ ነገር ለአሥረኛ ጊዜ ክፈቱልኝ ቢል እየተማረ ነው። ዛሬ የሳሳው ድግግሞሹ ሳይሆን ጥበቃውና አብሮ መቀመጡ ነው።

ጥበቃውን መመለስ ያስቸግር ይሆናል፤ አብሮ መቀመጡ ግን በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ሰሳሚ ስትሪት» በተባለው ፕሮግራም ላይ የተደረገ ጥናት፣ አዋቂ አጠገባቸው ተቀምጦ ፊደሉንና ቁጥሩን እየጠየቃቸው ያዩ ልጆች ይህን ካላገኙት የተሻለ እንደተማሩ አሳይቷል። ባለ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ቤት የነበሩት እናት «ታዲያ ጦጣዋ ምን አለችው?» ሲሉ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። ልጅዎ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ አጠገቡ ይቀመጡና ስለሚያየው ይጠይቁት፤ ዛሬ ትምህርቱን ያጠናክርለታል፣ ሲያድግም በትዝታው ውስጥ እርስዎ ይኖራሉ።