የክብደት ማንሻ ማሰሪያ፡ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ቀኑን ሙሉ እርፉን ጨብጦ ይውላል። ሥሩና ድንጋዩ ማረሻውን እየታገለ እርፉን ከእጁ ሊያስለቅቀው ቢሞክርም መዳፉ አይላላም። ይህ ጥንካሬ በአንድ ጀምበር የመጣ ሳይኾን በዓመታት ሥራ የተገነባ ነው። በከተማ የሚኖረው ወጣት ደግሞ ይህንኑ ጥንካሬ ብረት በማንሳት ሊያገኘው ይጥራል። ብዙውን ጊዜ ግን ከጀርባውና ከእግሩ ቀድሞ የሚደክመው እጁ ነው። ጀርባው አሥር ጊዜ ማንሳት እየቻለ ጣቶቹ በስድስተኛው ላይ ይከፈታሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተደርገው ከሚወሰዱት አጋዦች አንዱ በተለምዶ "ስትራፕ" የሚባለው የክብደት ማንሻ ማሰሪያ ነው። በአግባቡ ከተጠቀሙበት ይጠቅማል፤ ያለቦታው ከገባ ግን የእጅ አንጓን እስከ መስበር የሚደርስ ጉዳት ያስከትላል።

ማሰሪያው ምን ይሠራል?

ማሰሪያው ከጥጥ፣ ከናይለን ወይም ከቆዳ የሚሠራ ጠንካራ ጥብጣብ ነው። አንዱ ጫፍ በእጅ አንጓ ላይ ይጠለቃል። ሌላው ጫፍ በመዳፍ በኩል ወርዶ በብረቱ ሥር ያልፍና ጣቶች ከሚጠቀለሉበት በተቃራኒ አቅጣጫ በብረቱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል። ከዚያም ብረቱን ወደ ራስ በማሽከርከር ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ የክብደቱ ከፊል ሸክም ከጣቶች ወደ እጅ አንጓ ይተላለፋል፤ ጣቶች ቢደክሙም ብረቱ ቶሎ አያመልጥም።

ብዙዎች ይህን ማሰሪያ ከእጅ አንጓ መጠቅለያ ጋር ያምታቱታል። መጠቅለያው በአንጓ ዙሪያ ብቻ የሚጠመጠም፣ ክብደትን ወደ ላይ በሚገፉበት ጊዜ አንጓው ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ የሚደግፍ ነው። ከብረቱ ጋር አይገናኝም። ማሰሪያው ደግሞ አንጓን አይደግፍም፤ እጅን ከብረት ጋር ያያይዛል እንጂ። አንጓውን ያመመው ሰው ማሰሪያ ቢያስር ሸክሙን የሚጨምረው በታመመው ቦታ ላይ ነው።

የት ይፈቀዳል? የትስ ይከለከላል?

በኦሊምፒክ የክብደት ማንሳት ውድድር እጅን ከብረቱ ጋር ማሰር ክልክል ነው። የወንዶች መወዳደሪያ ብረት 20 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲኾን የሴቶቹ 15 ኪሎ ግራምና 25 ሚሊ ሜትር ነው። ተወዳዳሪዎች ይህን ብረት የሚቆጣጠሩት በጣቶቻቸው ብቻ ነው። ጆርጂያዊው ላሻ ታላካዜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በስናች 223፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 265፣ በድምሩ 488 ኪሎ ግራም ያነሣው ያለማሰሪያ ነበር።

በአንጻሩ "ስትሮንግማን" በሚባለው የጠንካራ ሰዎች ውድድር ማሰሪያ ይፈቀዳል። እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በ2016 500 ኪሎ ግራም፣ አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሶን በ2020 501 ኪሎ ግራም ከመሬት ያነሡት በማሰሪያ ታግዘው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በማሰሪያ ብቻ የሚለማመድ ወጣት ወደ ኦሊምፒክ ዓይነቱ ውድድር ሲገባ፣ ጀርባው የቻለውን ክብደት እጁ ሊጥለው ይችላል።

አደጋው ምን ላይ ነው?

ከሁሉም የከፋው አደጋ የሚመጣው ብረቱን ከመሬት አንሥቶ ወደ ትከሻ በሚያሳርፉበት "ክሊን" በሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ብረቱ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ክርንም በፍጥነት ወደ ፊት መዞር አለበት። እጁ የታሰረ ሰው ሚዛኑን ቢስት ብረቱን መልቀቅ አይችልም። ክርኑ ከጉልበቱ ጋር ከተጋጨ ሙሉው ክብደት በታጠፈው አንጓ ላይ ያርፋል። በዚህ እንቅስቃሴ ማሰሪያ መጠቀም የማይመከረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ስውር ነው። እጅ ሲደክም "በቃ" የሚል ምልክት ይሰጣል። ማሰሪያው ይህን ምልክት ስለሚያጠፋ ወጣቱ ወገቡ ያልተዘጋጀበትን ክብደት እንዲያነሳ ይገፋፋዋል። በተጨማሪም ስፌቱ የላላ ወይም ከተገኘው ጨርቅ የተቀደደ ማሰሪያ በመሐል ቢበጠስ አንሺውን ወደ ኋላ ሊጥለው ይችላል።

ሌሎች አማራጮች

ላብን የሚያደርቀው ማግኒዥየም ካርቦኔት የተባለው ነጭ ዱቄት በውድድርም ይፈቀዳል። ሌላው ዘዴ አውራ ጣትን ከብረቱ ጋር አስጠግቶ በሌሎቹ ጣቶች ከላይ መቆለፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ያማል፤ ሲለመድ ግን ጭበጣውን በእጅጉ ያጠነክራል። አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ መጨበጥም ብረቱ እንዳይሽከረከር ይረዳል። ኾኖም ወደ ፊት በዞረው ክንድ ጅማት ላይ ጫና ስለሚበዛ ክርንን ቀጥ አድርጎ መያዝና እጆችን ማፈራረቅ ይገባል።

የጭበጣ ጥንካሬን ለመገንባት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ በሁለት እጅ አንጠልጥሎ መራመድ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው። በስፖርቱ ዓለም ይህ ልምምድ "የገበሬ ጉዞ" የሚል ስያሜ አለው። አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መቆየትም ጣቶችን ያጠነክራል። ጀማሪ በትንሽ ክብደት ቢጀምርና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቢጨምር ይመረጣል።

እንዴት እንጠቀምበት?

ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለማሰሪያ ቢለማመድ እጁ ከሌላው አካሉ ጋር እኩል ያድጋል። ልምድ ያለው ሰውም ማሟሟቂያውንና ቀላሎቹን ዙሮች በባዶ እጅ ሠርቶ፣ ማሰሪያውን ለመጨረሻዎቹ ከባድ ዙሮች ቢያቆየው መልካም ነው። የሚጠቅመውም ክብደትን ከመሬት ወይም ወደ ሰውነት በሚስቡባቸው እንቅስቃሴዎች ነው፤ ወደ ላይ ለሚገፋ ክብደት አይኾንም። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ስፌቱንና ጥብጣቡን መፈተሽ፣ የተበላውንም ማስወገድ ያስፈልጋል።

ጣቶች ከደነዘዙ፣ አንጓ ካበጠ ወይም ሕመሙ ካልለቀቀ ልምምዱን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ማሰሪያ የደከመን እጅ ለጥቂት ጊዜ ያግዛል፤ ጠንካራ እጅ የሚሠራው ግን እንደ ገበሬው መዳፍ በትዕግሥትና በድግግሞሽ ነው።