«ኮምፒውተሩ ሞቷል» ቢሉዎት ለቀብር አይቸኩሉ!

መኪናዎ ጠዋት በደህና ትነሳና ቀትር ላይ ሞተሯ ሲሞቅ መሀል መንገድ ላይ ድርግም ትላለች? ጥላ ሥር ትንሽ ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሰው ትነሳለች? ካንዴላ አስቀየሩ፤ የነዳጅ ፍልትሮ አስቀየሩ፤ ፖምፓውን አስፈተሹ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ፣ «ጋሼ፣ በቃ ኮምፒውተሩ ነው፤ ሞቷል» ይልዎታል። ከዚህች ቃል በኋላ የሚመጣው ወጪ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ቃሏ እውነት የምትሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን የምትነገረው ሌላው ምርመራ ሁሉ ሳይደረግ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ይህ ሳጥን ምን ይሠራል?

ዲ.ኤክስ ቶዮታ ወይም የድሮዋን ላዳ የነዳ ሰው ይህን ጣጣ አያውቀውም። የእነሱን ነዳጅ የሚመጥነው ካርቡራቶር ነው። ሲያስቸግር ይፈታል፤ በቤንዚን ይታጠባል፤ ይገጠማል፤ አለቀ። በኋላ በመጡት ኢንጄክሽን መኪኖች ላይ ግን ነዳጁን የሚመጥነው ከክሩስኮቶው ሥር ወይም ከፊት ተሳፋሪው መሳቢያ ጀርባ የተደበቀ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው። የሞተሩን ሙቀትና የሚገባውን አየር ከየሴንሰሩ እየሰማ፣ ኢንጄክተሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት፣ ካንዴላውም መቼ እሳት እንደሚሰጥ ያዛል።

«አሮጌ ከሆነች ሸጦ ሌላ መግዛት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙው ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና አስታሞ ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም።

የሰርጉ ገንዘብ

አንድ ጡረተኛ መምህር በፈረንጆች 1994 የተሠራች ኮሮላ አለቻቸው። መኪናዋ መንገድ ላይ መቆም ስታበዛ «ኮምፒውተሩ ነው» ተባሉና ለልጃቸው ሰርግ ካስቀመጡት ላይ አንስተው ያገለገለ ኮምፒውተር ገዙ። ተገጠመ። ሁለት ቀን እንደ አዲስ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ያው እንደ ልማዷ ቆመች።

ሌላ ጋራዥ ያገኙት ኤሌክትሪሺያን ሜትሩን ይዞ ገባና ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን የማሳ ገመድ ፈታው። ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ገመዱ ተቀየረ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ተመለሰ፤ መኪናዋም መሥራት ቀጠለች። ታዲያ ሁለቱን ቀን ለምን ደህና ሄደች? ኮምፒውተሩ ሲቀየር የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ስለተመለሰ ግንኙነቱ ለጊዜው ተሻሽሎ ነበር። ባለሱቁማ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አላቸው። ሰውዬውን ያስጨነቃቸው ለባለቤታቸው ምን ብለው እንደሚያስረዱ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስደርጉ

1. ባትሪና ማሳ። ሞተሩ ሳይነሳ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ቮልቱ ከወረደ ወይም የማሳ ገመዱ ከዛገ ጤነኛው ኮምፒውተርም ይቀባጥራል።

2. «ቼክ ኢንጅን» የሚለው መብራት። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ኮምፒውተሩ ኃይል አላገኘም ይሆናል። የኢንጄክሽኑ ፊውዝና ሪሌ ይታዩ። አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ እንደሆነም አይርሱ!

3. ኮዱን ማስነበብ። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች በአንድ ዓይነት ማሽን እንዲነበቡ ተደርጓል። ከዚያ በፊት በተሠሩት ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ባለሙያው ኮፈን ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ቲ.ኢ.1 እና ኢ.1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍት መብራቱ እየቆጠረ ይናገራል። ሁለቴ ብልጭ፣ ትንሽ ቆም፣ እንደገና ሁለቴ ብልጭ ካለ 22 ማለት ነው፤ ጥርጣሬው የሞተሩን ሙቀት በሚለካው ሴንሰርና በሽቦው ላይ ነው። ሳያቋርጥ በእኩል ምት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ቀዳዳ ተሳስቶ ማገናኘት ሌላ ጉዳት ስለሚያመጣ እርስዎ አይሞክሩት።

4. አምስቱ ቮልት። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይልካል። ይህ ቢጠፋም ወዲያው አይፍረዱ። አንድ የተበላሸ ሴንሰር ወይም የተላጠ ሽቦ መስመሩን ሊጥለው ይችላል። ሴንሰሮቹ ተራ በተራ ይነቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው።

5. ሲሞቅ መጥፋት። ይህ የኮምፒውተር ምልክት ብቻ አይደለም። ቦቢናም፣ የነዳጅ ፖምፓ ሪሌም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስትጠፋ ወዲያው ካንዴላው እሳት፣ ኢንጄክተሩም ትእዛዝ ይደርሰው እንደሆነ ይለካ። ከቀዘቀዘች በኋላ መለካት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ኃይልና ማሳ እየደረሰው፣ የሴንሰሮቹም ወሬ እየገባለት ትእዛዝ ካልሰጠ፣ እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይከፈት። በ1990ዎቹ መኪኖች ላይ የታወቀ ሕመም አለ፦ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃዎች በእርጅና ፈሳሻቸው ይወጣና ቦርዱን ይበላዋል። ቡናማ እድፍ ወይም የዓሣ የሚመስል ሽታ ካለ ምልክቱ ያ ነው። ጉዳቱ ካልከፋ ካፓሲተሮቹን ብቻ መቀየር ያድናል። ይህ የጥሩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሥራ ነው፤ ወጪውም ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

መግዛት የግድ ከሆነ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመውረድዎ በፊት ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ። በቶዮታ 89661 ብሎ ይጀምራል፤ ይህ «የሞተር ኮምፒውተር» ማለት ብቻ ነው። ለየትኛው መኪና እንደተሠራ የሚለየው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስለሆነ እሱም መግጠም አለበት። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ «ይሠራል» የሚልዎትን አይስሙ። የአውቶማቲክና የማኑዋል ካምቢዮ ኮምፒውተርም ይለያያል። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለበት መኪና ከሆነ ኮምፒውተሩና ቁልፉ እስኪተዋወቁ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት መኪናዎ ላይ ተገጥሞ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሞከር። ካልሠራ የሚመለስ ስለመሆኑም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሲነቀልም ሲገጠምም አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። አሮጌውን አይጣሉት፤ ነገ ሊጠገን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዳዩን ይያዙ። ኮምፒውተር ዝም ብሎ አይቃጠልም። የሚኒሞው ቫልቭ ወይም አንዱ ኢንጄክተር ሾርት አድርጎ ይሆናል፤ ከክሩስኮቶው ሥር ውኃ ይንጠባጠብ ይሆናል፤ የባትሪ ገመድ ተገልብጦ ታስሮ ይሆናል፤ ወይም ባትሪው ሳይፈታ ቦዲው ተበይዶ ይሆናል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገጠመው ሁለተኛውም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

እንግዲህ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ሲሉዎት አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «በምን አረጋገጥከው ወንድሜ?» ቮልቱን ለክቶ፣ ሽቦውን በጣቱ እያሳየ የሚያስረዳዎት ከሆነ ይመኑት፤ እጁም ይባረክ። «ጋሼ፣ ልምዴ ነው» ብቻ ካለዎት ግን ቁልፍዎን ተቀብለው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።