ከፎገራ ሜዳ ወደ ጋይንት ደጋ፦ ሕፃን ይዞ ዳገት መውጣት

ከወረታ ከተማ አጠገብ በፎገራ ሜዳ የሚገኘው ቁሐር ሚካኤል የሩዝ አገር ነው። እዚያ የተወለደ የሦስት ዓመት ልጅ ዳገት አያውቅም። አካባቢው ሜዳ ነው፤ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ውኃ ይተኛበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ ክምር ይቆምበታል። አንድ ቀን ግን ወላጆቹ ጋይንት ያሉትን አያቱን ሊያሳዩት፣ ወይም ለገና ላሊበላን ሊሳለሙ ይነሣሉ። መኪናው ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ልጁ ከማያውቀው አየር ጋር መገናኘት ይጀምራል።

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከእርሷ 42 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ትደርሳለች። ከዚያ የጉና ተራራን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ጋይንት ሲዘለቅ ደግሞ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆና ትጠብቃለች። ጠዋት ወረታ ላይ በስስ ልብስ ላብ ያጠመቃት ሕፃን ቀትር ሳይሆን ጋቢ ያስፈልጋታል።

ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን ይህን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሕዝቡ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ድጋፍ፣ በደርግ ዘመን የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ አቅጣጫ ከተደረጉት ጉዞዎች ሁሉ የከበደው የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጉዳይ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሕፃናት መኖራቸው ነው፤ ጋፋት ላይ መድፉን የሠሩት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው አብረው ተጉዘዋል። መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠ ያበጀው ነበር፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። እነዚያ ልጆች ክረምት ወጥቶ በጋው እስኪገባደድ በድንኳን እያደሩ ቀስ ብለው ደጋውን ለመዱት።

የዛሬው ልጅ ግን በአንድ ጠዋት ደጋ ላይ ይወጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ማቅለሽለሽ ነው። ከዓለም በር ከተማ ወዲያ ጥምዝምዙ ሲበዛ በሚኒባሱ ውስጥ ፌስታል ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ይጀምራል። መኪና የማይስማማቸው በብዛት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። በጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ የፊት ወንበሩን ጀርባ ብቻ የሚያይ ዓይን «ቁጭ ብለናል» ይላል፤ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጁን ለማስታገስ ስልክ ማስያዝ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከፍ ብሎ ሩቅ ያለውን ተራራ እንዲያይ ማድረግ ግን ይጠቅመዋል። ቁርሱም ቀለል ያለ ደረቅ ዳቦ ቢሆን ከወተትና ከቅባት ምግብ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል። እናቲቱ መስኮቱን ጣት በምታህል ስንጥቅ ከፈት ስታደርግ ግን ከኋላ «ንፋስ ገባብን፣ ዝጉት!» የሚል ድምፅ ይነሣል። እርሷም ተሳቅቃ ትዘጋለች፣ የብርቱካን ልጣጭ ከልጇ አፍንጫ ታስጠጋለች። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። የሚያስታውክ ሕፃን ያለበትን መስኮት መክፈት ተሳፋሪው ሁሉ ሊደግፈው የሚገባ ነገር ነው፤ የበረደው ሰው ጋቢ መደረብ ይችላል።

ከማስታወክ እጅግ የሚከፋው አደጋ ግን ማንም የማይቆጣው ነው፦ ልጅን ታቅፎ መጓዝ። በግጭት ቅጽበት ልጅን ይዞ የሚያስቀር ክንድ የለም። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ የእናቲቱ ክብደት ሕፃኑን እንዲጨፈልቀው ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለልጅ የተሠራ ወንበር የሕፃናትን ሞት ቢያንስ በ60 በመቶ ይቀንሳል። መኪና ያለው ወይም ኮንትራት የሚይዝ ቤተሰብ ወንበሩን ከሌላ ወጪ ሊያስቀድመው ይገባል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄደው ቢያንስ ልጅ ይዞ ጋቢና ከመቀመጥ ይቆጠብ፤ ልጁ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ከሆነም ሒሳብ ተከፍሎለት በራሱ ቦታ በቀበቶ ይታሰር።

ሌላው ጉዳይ ከፍታው ነው። ደጋውን ያልለመደ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት ሲወጣ ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍ ሊነሣው፣ ሊያስታውከው ይችላል። ለትውልድ ትውልድ ደጋ ላይ የኖሩት ሌላ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን «ራሴን አመመኝ» አይልም። ይነጫነጫል፣ ምግብ ይገፋል፣ ጨዋታ ይተዋል። ይህ ከታየ ሽቅብ መውጣቱን ማቆም ነው፤ ካልተሻለው ወደ ታች መመለስ። ጆሮውን ሲደፍነው የሚጠባ ከሆነ ማጥባት፣ ከፍ ካለም ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይረዳዋል።

ለፎገራ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ወባ ነው። ሜዳው የወባ አገር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሽታው ይበረታል። ትንኝ የነከሰችው ሕፃን ወዲያው አይታመምም፤ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህ መካከል ወደ ነፋስ መውጫ ከተጓዘ ትኩሳቱ የሚነሣው ወባ በማይጠረጠርበት ብርዳም ቤት ውስጥ ነው። አያት «ብርድ መታው» ብላ ፌጦ ታዘጋጃለች፣ ጋቢ ትደርባለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን በዚህ ያልፋል። በትንንሽ ልጆች ላይ ወባ በፍጥነት ስለሚከፋ የባከነችው ቀን ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች። ስለዚህ ከቆላው በወጣ ልጅ ላይ ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዶ «የመጣነው ከፎገራ ነው» ብሎ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። ከጣት ላይ በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

መንገዱ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ዓይን እንዲህ ያለ ሀብታም ጉዞ ጥቂት ነው። በወረታና በደብረ ታቦር መካከል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ፤ ልጁ እግሩን ዘርግቶ ሽመና እያየ ያርፋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ የቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ጋፋት አለ። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ደግሞ የርብም የጉማራም መነሻ ነው፤ ለቁሐር ሚካኤል ልጅ «ክረምት ማሳችንን የሚያጥለቀልቀው ውኃ ከዚህ ነው የሚወርደው» ብሎ በጣት ማሳየት ይቻላል። ከነፋስ መውጫ ወዲያ ጨጨሆ ላይ ግራና ቀኙ ገደል ነው። እዚያ ልጅን ከመኪና ማውረድ እጁን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ሲሆን ኖሯል። «መንገዱ ሰላም ነው?» ሳይባል የሚነሣ የለም፤ ሕፃን የያዘ ቤተሰብም አጠያይቆ ያልተረጋገጠለትን ጉዞ ቢያስተላልፍ ማንም አይወቅሰውም።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ከተነሣችሁ ግን በአንድ ቀን የላሊበላ መገንጠያ የሆነችው ጋሸና ለመድረስ አትጣደፉ። ከወረታ ጠዋት ወጥታችሁ ደብረ ታቦር እደሩ፤ በማግስቱ ልጁ በልቶ፣ ስቆ፣ ተጫውቶ ካያችሁት ወደ ጋይንት ቀጥሉ። ካልሆነ ወረታ ከ42 ኪሎ ሜትር አትርቅም።